አባዬን ለማሳፈር የተሠራችው ጋሪ

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትዳሬ አልሆን ብሎኝ፣ ባለ ፔዳል የልብስ ስፌት መኪናዬን በሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ ልደታ ወደ ወላጆቼ ቤት ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም። ለምን ተመለስሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ጎረቤት ይበዛል ብዬ ፈርቼ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ከገባሁ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አባዬን ስትሮክ መታውና የግቢው ወሬ ሁሉ የእሱ ሆነ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ሞተረኛ ነበር። ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ በሞተር ሳይክል ያመላልሳል። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ አሮጌዎቹን ሞተሮች በሐራጅ ሸጣቸው፤ እሱም ሲነዳት የኖረችውን ራሷን ገዝቶ መጣ። ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ሰልባትዮዋ፣ ማለትም የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ፣ እንደ ዱባ ያበጠ ነው። ልጅ ሆኜ እዚያ ላይ አስቀምጦኝ እስከ ተክለ ሃይማኖት ደርሰን እንመለስ ነበር። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ሳቋርጥ ደግሞ ከቢሮ የተጣለ ጋዜጣ በኮርቻዋ ሥር ጠቅልሎ ያመጣልኝ ጀመር፤ ማንበብ የቀጠልኩት በዚያ ነው። ድምጿን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከመንገዱ ጥግ ስትሰማ ባለ ሱቁ የአባዬን ሲጋራ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥ ነበር።

ስትሮኩ ቀኝ ጎኑን ሙሉ ወሰደው። አንደበቱንም ወሰደ። ድምፅ ያወጣል እንጂ ቃል አይወጣውም። የቀረው ግራ እጁ ነው። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተን እናስቀምጠዋለን፤ እሱም ከፊት ለፊቱ በሸራ ተሸፍና የቆመችውን ሞተር ሲያይ ይውላል። መነዳት ካቆመች ቆይታለች፤ ጉልበቱ ሲደክም ራሱ ነበር ያቆማት።

በዚያው ሰሞን የግቢያችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈ። ቤቱ ክረምቱ ሲወጣ ይፈርሳል ማለት ነው። ምትክ የተሰጠን ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ጎረቤቶቻችን ሽንት ቤቱ ውስጥ ድረስ ውሃ አለው እያሉ ሊያጽናኑን ሞከሩ። እናቴ ደረጃውን አይታ ከተመለሰች በኋላ ለረጅም ጊዜ ስለ ቤቱ አላወራችም።

ታናሽ ወንድሜ ጌጃ ሰፈር አንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ የዕቃ ማድረሻ ሞተሮችን ይጠግናል። አፉ አራዳ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። እናቴ ደረጃውን አይታ በተመለሰች ቀን ማታ ግን እራቱን ትቶ ተነሣና እንዲህ አለን፦

«አባዬ አንዴ አራተኛ ፎቅ ከወጣ አይወርድም። ሳይወጣ በገዛ ሞተሩ ልደታ ማርያም ወስጄ አሳልሜው እመልሰዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን።»

እናቴ ሳቀችበት። ሞተሯን ስትሮክ የመታት ከአባትህ በፊት ነው አለችው። ደግሞስ ግማሽ ጎኑ የማይሠራ ሰው ሞተር ላይ እንዴት ይቀመጣል፣ በገመድ ልታስረው ነው? ወንድሜ ግን ይህን አስቦበታል። ጎኗ ላይ ጋሪ እሠራላታለሁ፣ አባዬ ጋሪው ውስጥ ተንፈላስሶ ይቀመጣል፣ እኔ እነዳለሁ አለ። አባዬ ይህን ሁሉ ሲሰማ በግራ እጁ ጭኑን መታ መታ አደረገ። እሺ ማለቱ ነው አልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ሐሳብ አልነበረም።

ጋሪውን የሠራነው ከበርሜል ነው ብል ማንም አያምነኝም፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ጌጃ ሰፈር ያለ በያጅ የነዳጅ በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ አንዱን ግማሽ እንደ ጀልባ አደረገው። እግሩ ከአሮጌ የአልጋ ብረት ነው። ጎማው ከተበላሸ ሌላ ሞተር የተወሰደ ነው። ወንድሜ ለአባዬ አንገት መደገፊያ እንዲሆን የኋላውን ከፍ አስደርጎ አስበየደው። ወንበሩ የእኔ ሥራ ነበር። የሚኒባስ ወንበር የሚለበስበትን ቀይ ላስቲክ ቆዳ ገዛሁ፣ ውስጡን ከፍራሽ ስፖንጅ ሞላሁ። አባዬን ሱፍ ልሰፋለት እንደመጣ ደንበኛ በሜትር ለካሁት። በቀኝ በኩል ስለሚዘም በዚያ ጎን ስፖንጁን አወፈርኩለት። ትከሻውን ስለካ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ስንት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያ ወንበር የተጠነቀቅኩለት ነገር የለም።

ጋሪዋ ግቢ ስትገባ የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። ከፊት ለፊታችን የሚኖረው ሹፌር ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ ይኼ መኪና ነው ወይስ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ብሎ ጠየቀ። ወንድሜም ገንዳ ነው፣ መጀመሪያ አንተን አጥበን ስንጨርስ አባዬን እናሳፍራለን አለው። አባዬ ያን ሲሰማ የሚሠራው የከንፈሩ ጎን ወደ ላይ ተሳበ። ከታመመ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ኢንጅኑን ደግሞ ወንድሜ በሥራ ሰዓቱ ሳይሆን በምሳና በእሑዱ ፈታው። ዝገቱን አጸዳ፣ ካቴናውን በዘይት ነከረ፣ ፍሬኑን አደሰ። ካርቡሬተሩን አባዬ ፊት ቁጭ ብሎ ነበር የፈታው። ከውስጡ ከጥፍር የማትበልጥ የነሐስ ቡሎን አወጣ። መሐሏ ላይ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ አለች፤ ቀዳዳዋ ግን በአንድ ግራጫ ነገር ተደፍና የቀረላት የመርፌ ጫፍ ያህል ነው። ወንድሜ ወደ ብርሃን አንሥቶ አያትና ሳቀ። ይህቺ ሞተር ጉሮሮዋ ታንቆ ነው እስካሁን የኖረችው፣ ትዕግሥቷ ነው አለ። በቆሻሻ ነው የተደፈነችው ብሎ አሰበ። ማናችንም ብንሆን እንደዚያው ነበር የምናስበው።

መርካቶ ሲዞር ውሎ አንድ ቀን ፊቱ በርቶ መጣ። ከአንድ አሮጌ መለዋወጫ ሱቅ መደርደሪያ ጀርባ የዚያችኑ ዓይነት ሞተር የካርቡሬተር ዕቃ፣ የፋብሪካ ወረቀቱ ሳይቀደድ፣ ግራሶው ሳይነካ አግኝቷል። «ኦርጅናል» አለን፣ ቃሉን እንደ ምርቃት ጎትቶ። እኛ ቤት ኦርጅናል የተባለ ነገር ክርክር የለውም። እናቴ እንኳ እጇን ጠርጋ ነው የነካችው። አዲሷ ቡሎን ታበራለች፤ ቀዳዳዋም ሰፊና ንጹሕ ነው።

ወንድሜ ሊገጥማት ሲል አባዬ ማጉረምረም ጀመረ። ግራ እጁን አንሥቶ አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን አጣበቀ፤ በመካከላቸው ክር የምታልፍበት ያህል ክፍተት ተወ፤ ከዚያ ያንን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ደጋግሞ እንዲህ አደረገ። እናቴ የደም ግፊት ክኒኑን ረስቼው ነው ብላ ሮጣ አመጣችለት። አፉን ገጥሞ እምቢ አለ። ሲለመን ዋጠው፤ ከዚያ በኋላ እጁን አላነሣም።

አሮጌዎቹ ዕቃዎች በወተት ዱቄት ጣሳ ተጠራቅመው በሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። በማግስቱ ልዋጭ እያለ የሚዞረው ነጋዴ በሰፈራችን አለፈ። እናቴ ጣሳውን እንዳለ፣ ከተሰበረ ምድጃና ከአሮጌ ድስት ጋር ሰጠችውና በምትኩ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ወሰደች። አባዬን የምናጥብበት ነገር አጥተን በባልዲ ስንሰቃይ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በአዲሱ ሳፋ አጠብነው፤ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ሞተሯ መጀመሪያ የተነሣች ቀን እሑድ ነው። ወንድሜ አንዴ ሲረግጣት ነቃች። እኔ እልል አልኩ፣ ጎረቤቶቼም ተቀበሉኝ። ወዲያው ግን ከማርሚታዋ፣ ከጭስ ማውጫዋ፣ ጥቁር ጭስ ተትጎለጎለና የተሰጣውን ልብስ ሁሉ አለበሰው። አንዲት ጎረቤታችን አንሶላዋን እየሰበሰበች፣ እልልታዬን መልሺልኝ አለችኝ። ወንድሜ ቆማ ስለኖረች ነው፣ ስትሄድ ትጠራለች አለ። አባዬን ሁለት ሆነን አንሥተን ጋሪው ውስጥ አስቀመጥነው። ነጠላውን አለበስነው፣ ባርኔጣውን ደፋንለት፣ በመኪና ቀበቶ አሰርነው።

ከመንደሩ መውጫ ድረስ ሄዱ። እኔ ከኋላ በፈጣን እርምጃ እከተላለሁ። ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው ዳገት ላይ ሲደርሱ ሞተሯ ማሳል ጀመረች፤ ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች። ወንድሜ ቢረግጣት ቢረግጣት የለችም። እሳት የምትሰጠውን ካንዴላዋን ፈትቶ ሲያየው ከሰል መስሏል። የመንደሩ ጎረምሶች መጡና አባዬን ጋሪው ውስጥ እንዳለ እየገፉ መለሱን። አንዱ እየሳቀ፣ ፋዘር ነዳጅ ቆጣቢ ነገር ነው የያዙት አለ። ክፋት የለበትም፤ ልጅ ነው። አባዬ ግን በግራ እጁ ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው ድረስ ጎትቶ ፊቱን ሸፈነ፤ ቤት እስክንደርስም አልገለጠውም።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሞከርን አላስታውስም። ወንድሜ ካንዴላ ይቀይራል፣ የአየር ፊልትሮውን ያጥባል፣ የእሳቱን ጊዜ ያስተካክላል። ሞተሯ ትነሣለች፣ ታጨሳለች፣ ዳገቱ ሥር ትሞታለች። ክረምቱ ገባ። የጋራዡ ደንበኞች ሥራችንን ትቶ የአባቱን ቆርቆሮ ያቅፋል እያሉ ወደ ሌላ መካኒክ ሄዱ። እናቴ ተወው ትለዋለች፤ አይሰማትም። ቀልዱ ቀርቶ ነበር። ከጎረቤቶቻችን አንዳንዶቹ ቀድመው ዕቃቸውን እየጫኑ መሄድ ጀመሩ፤ ጣራው የተገፈፈ ቤት በየመሐሉ ይታያል።

አንድ ቅዳሜ፣ ወንድሜ ኢንጅኑን አስነሥቶ ጭሱ ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ በጃንጥላቸው እየተመረኮዙ ገቡ። ከአባዬ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት የሠሩ፣ የድሮ ሞተረኛ ናቸው። የሚኖሩት አብነት ሰፈር ነው። አባዬ መታመሙን የሰሙት ገና ያን ሰሞን ነበር። ተጨባብጠው፣ ተላቅሰው ሲያበቁ ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«አንተ ጎረምሳ፣ ይህቺን ምን አብልተሃት ነው እንዲህ የምታገሳው?» አሉት።

ወንድሜ ሁሉን ነገራቸው። ኦርጅናል ዕቃ መግጠሙንም በኩራት ነገራቸው። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ ወንበር እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ከዚያ ነው የዚያችን ትንሽ ቡሎን ታሪክ የሰማነው። ሞተሮቹ ከውጭ አዲስ ሲመጡ እንደዚሁ ያጨሱ ነበር አሉ። የተሠሩት ለባሕር ዳርቻ አገር ነው፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ብዙ ቤንዚን ይፈጃል። አዲስ አበባ ግን ተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ያን ሁሉ ቤንዚን በሰፊ ቀዳዳ ካጠጣሃት ትታነቃለች። ስለዚህ አባዬ ቀዳዳዋን በቀለጠ እርሳስ ደፈነና በመርፌ እንደገና ጥቂት በጥቂት በሳት። ሞተሯ እስክትስማማ ድረስ ብዙ ቀን እየነዳ፣ እየሰማ፣ መልሶ እየበሳ። የእሳቸውን ሞተርም የሠራላቸው እሱ ነው።

«ልኩን እኔ አላውቀውም» አሉ። «እሱ በጆሮው ነው የሠራት። አሮጌዋን አምጣትና መልሰህ ግጠማት፣ በቃ።»

ሁላችንም ወደ አባዬ ዞርን። አባዬ ግራ እጁን አንሥቶ ሁለት ጣቶቹን አጣበቀና፣ ክር የምታልፍበት ያህል ክፍተት ትቶ፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

ኢንጅኑ ጠፍቶ ነበር። እናቴ ከበሩ መቃን ተደግፋ ቆማለች።

«ጣሳውን ሰጥቼዋለሁ» አለች። «በሳፋው ለውጬዋለሁ።»

ወንድሜን አየሁት። ይጮህባታል ብዬ ፈርቼ ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ሳፋውም ያስፈልገን ነበር አላት፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። እናቴ ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ለእንግዳው ምሳ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

ምናለሽ ተራ ሄደን ፈለግን። ብረት በክምር የሚሸጥበት ቦታ ነው፤ ሰው የጣለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያ ይደርሳል። ወንድሜ በአንዱ ጎን፣ እኔ በሌላው ጎን እየጎነበስን የቡሎን ክምር በጣታችን ስናገላብጥ ዋልን። ሻጮቹ ምን እንደምንፈልግ ሲጠይቁን፣ በእርሳስ የተደፈነች ቡሎን ስንላቸው ይስቃሉ። ነሐስ ከሆነ እኮ ቀልጦ ስንት ነገር ሆኗል አለን አንዱ፣ በቅንነት። ዝናብ መታን። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

የቀረው አዲሷን ቡሎን ደፍኖ እንደገና መብሳት ነው። ሽማግሌው ለዚህ ከአብነት እየተመላለሱ ረዱን። እርሳሱን በማንኪያ አቅልጠው እሳቸው ያፈሳሉ፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ወንድሜ ክንዳቸውን ይደግፋል። መብሻው የእኔ የስፌት መርፌ ነው። የመርፌ ቁጥር ከቀጭን እስከ ወፍራም አውቃለሁ፤ ከጥልፍ መርፌ ጀምረን በአንድ ደረጃ እያወፈርን ሄድን። ልኩን የሚናገረው ደግሞ አባዬ ነበር። ወንበሩን ከማርሚታዋ አጠገብ እናስቀምጥለታለን፣ ወንድሜ ያስነሣታል፣ አባዬ ያዳምጣል። እጁን ወደ ላይ ካነሣ አስፉት ማለት ነው፤ ወደ ታች ካወረደ አጥብቡት። መጀመሪያ ቀን ይህን ቋንቋ ስንግባባ እናቴ ከውስጥ ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

ብዙ ጊዜ ደፈንን፣ ብዙ ጊዜ በሳን። መርፌዎቼ ተሰባብረው አለቁና አዲስ ገዛሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ባቆመበት፣ ወንድሜ አስነሥቷት ትንሽ እንደቆየ ጭሱ ጠራ። ማርሚታዋ ጫፍ ላይ ምንም አይታይም። ድምጿ ዱብ ዱብ እያለ፣ እኩል እኩል፣ እንደድሮው ከግድግዳ ግድግዳ ይመታ ጀመር። ባለ ሱቁ ከሱቁ ወጥቶ ቆመ። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። እጁ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል ጉልበቱ ላይ አረፈ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ይህችው ናት አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጊዜ አልነበረንም። ዕቃችንን የምናወጣበት ቀን ተነግሮን ነበር። ነገ ጠዋት እንሂድ ተባለና ተስማማን። እናቴ ከማለዳ ተነሥታ አባዬን አጠበችው፣ ጺሙን ላጨችው፣ የክት ልብሱን አለበሰችው። ይህን ያህል ዓመት አብራው ኖራ እንዲህ ስትንከባከበው አይቻት አላውቅም። ቀይ ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው፤ የሰፋሁለት ልክ ነበር፣ ወደ ቀኝ አልዘመመም። ሽማግሌው ከወንድሜ ኋላ ኮርቻው ላይ ልቀመጥ ብለው ነበር፤ በዚያ ዕድሜዎ ይወድቃሉ ብለን ከለከልናቸው። ከእናቴና ከእኔ ጋር በእግራቸው መጡ።

ሞተሯ ጭስ የሚባል ሳይኖራት ከመንደሩ ወጣች። ዳገቱን ጀመረች። እኔ ከታች ሆኜ አያለሁ። ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ላይ ደረሰች፤ አለፈችው። አባዬ ግራ እጁን ከጋሪው ውጭ አንጠልጥሎ ነፋሱን ይነካል። ወንድሜ ማርሽ ቀነሰና ነዳጅ ጨመረላት። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ይታዩ ነበር። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ፤ ቀጠነ፣ እንደ ፉጨት ሆነ፤ ወዲያው ብረት ከብረት ሲነካከስ ሰማሁ። የኋላ ጎማዋ ደርቆ ቆመ። ጋሪዋ ወደ መንገዱ ጠርዝ ተሽከረከረችና ከድንጋዩ ጋር ተላትማ ቀረች።

ሮጠን ደረስን። አባዬ ምንም አልሆነም፤ ቀበቶው ይዞታል። ወንድሜ መንገዱ ላይ ተንበርክኮ እጁን ወደ ኢንጅኑ ሲያስጠጋ ሙቀቱ መለሰው። ማስነሻውን በሁለት እጁ ገፋው፤ አልነቃነቅ አለ። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ነክሶ ተይዟል።

ሽማግሌው መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የሆነውን ያስረዱን እሳቸው ናቸው፤ ቀስ ብለው፣ መሬት መሬት እያዩ። አባዬ በጆሮው የሰጠን ልክ ትክክል ነው። ግን የድሮዋ ልክ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥባት፣ ጋሪ ያልነበራት ሞተር ልክ። ለዚያች የምትበቃ የቤንዚን ጠብታ በርሜልና ሁለት ሰው እየጎተተች ዳገት ለምትወጣው አልበቃችም። ቤንዚኑ ሲያንሳት ጋለች፣ ስትግል ተያዘች። ቆማ ስትሠራ ስለሰማናት ይህን ማወቅ አንችልም ነበር።

«ጋሪ የሰማ ጆሮ የለውም እኮ አባታችሁ» አሉ። «ከየት አምጥቶ ይንገራችሁ።»

ከዚያ መንገድ ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ አይደለም፤ አዝለን እንውሰደው አልኩ። አባዬ ግን ግራ እጁን ወደ ቤት አቅጣጫ ዘረጋ። እናቴ ተዉት፣ መመለስ ነው የሚፈልገው አለች። ወንድሜ ጀርባውን ሰጠውና አዘለው። ሽማግሌውና እኔ ሞተሯን ከነጋሪዋ ገፋን። የኋላ ጎማዋ አልዞር ስላለ መንገዱን ሙሉ እየፋቀች ነው የሄደችው።

ኢንጅኑ ሲከፈት ሲሊንደሩ እንደ ተጫረ መጥበሻ ሆኖ ነበር። ያን የሚተካ ዕቃ መርካቶ ውስጥ የለም። ወንድሜ የብረት ቀራጮች ቤት ሁሉ ወስዶ አሳየው፤ ይህን ለመሥራት መጀመሪያ ያልተበላሸ ናሙና አምጣ ይሉታል። ናሙና ከየት ይመጣል። ጥቂት ቀን ከዞረ በኋላ መዞሩን አቆመ።

ቤቱን ለቀን ስንወጣ ሞተሯን ጋራዡ ውስጥ አስቀመጣት። አባዬን እንደገና አዘለውና የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ወጣ፤ በየፎቁ እየቆመ፣ ግድግዳውን በትከሻው እየተደገፈ። መስኮቱ ጋ አስቀመጥነው። ከዚያ የሚታየው ሌላ ሕንፃ ነው። ሽማግሌው አንድ ቀን ሊጠይቁት መጥተው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደክሟቸው ቁጭ አሉ፤ እኔ ወርጄ አዋራኋቸው፣ ከዚያ ተመለሱ። አባዬ ኅዳር ውስጥ አረፈ። ከገባበት ቀን ጀምሮ ከዚያ ቤት አልወረደም ነበር። ሲወርድ ሳጥኑ በደረጃው መታጠፊያ አልዞር ስላለ ቀጥ አድርገው አቁመው ነው ያወረዱት።

ሞተሯን አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ገዛት። ለጌጥ ነው የፈለጋት፤ ደጃፉ ላይ አቁሟት ጋሪዋ ውስጥ አፈር ሞልቶ አበባ ተክሎባታል። በሚኒባስ ሳልፍ አይቻታለሁ። ወንበሩን አውጥተው ጥለውታል መሰለኝ፣ አልነበረም።

ወንድሜ ከሐዘኑ በኋላ ጋራዡን ለጓደኛው ሰጠ። አሁን በየኮንዶሚኒየሙ እየዞረ ውሃ የሚገፉ ፓምፖችን ይጠግናል። ሞተር ሳይክል ይዘው የሚመጡ የድሮ ደንበኞች አሉት፤ እጁን ሳያስጠጋ ሌላ ጋራዥ ያሳያቸዋል። በያዝነው ዓመት አገባ። ከሚስቱ ጋር የሚከራዩት ቤት ሲፈልግ ደረጃ የማይወጣበትን ምድር ቤት ብቻ ነው ያየው።